ባጃጅ ያልጎተተው ባና

እኔና የድሮ የክፍል ጓደኞቼ በስልክ የምንጻጻፍበት አንድ ግሩፕ አለን። ሥራው ወሬ ማሰማት ነው። አንዷ ቀለበት የገባበትን ጣቷን ትለጥፋለች፤ አንዱ ጥቁር ካባ ለብሶ ሁለተኛ ዲግሪውን ያቀፈበትን ፎቶ ይለጥፋል፤ አንዷ ደግሞ ገና ዓይኑን ያልገለጠ ሕፃን። እንኳን ደስ ያላችሁ ተባብለው ሲያበቁ ወደ እኔ ይዞራሉ። «አንቺስ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አጸደ ሕፃናት የማስተምር፣ ከሞላሌ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ታሪኬ በአጭሩ ይኸው ነው። ባለፈው ጨንቆኝ «ወፍራም ካልሲ ገዛሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣቱን አነሣልኝ፤ እሱም ስልኩን ኪሱ ሲከት ነክቶት ይሆናል።

አሁን ግን ወሬ አለኝ። ለግሩፑ ብጽፈው ስለማያምኑኝ ለእናንተ ላውራችሁ። ወሬው ስለ እግሬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሸክሞኝ ሲዞር ኖሮ፣ ምን ማድረግ እንደሚችል ያወቅሁት በዚህ ኅዳር ነው። እስከዚያ ድረስ እግር ማለት ለእኔ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ፣ ማታ ደግሞ አልሞቅ ብሎ የሚያስለቅሰኝ ነገር ነበር።

የመሐል ሜዳን የኅዳር ብርድ ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሞላሌም ቆላ አይደለችም፤ ብርድ አላውቅም አልልም። ግን የሞላሌ ብርድ እንግዳ ነው፣ ይመጣና ይሄዳል፤ የመሐል ሜዳው ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ውጭ ያደረ ባልዲ ጠዋት ጠዋት የበረዶ ክዳን ያወጣል። አብራኝ የምትኖረው ቤዛ ፊቷን ለመታጠብ መጀመሪያ ክዳኑን በጭልፋ ትቀጠቅጣለች። ቤዛ ነርስ ናት። ሰው መርፌ ስትወጋ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ባልዲው ዘንድ ስትደርስ ግን ስታማትብ አያታለሁ።

የምንኖረው እትዬ ሸዋዬና ጋሼ ደጀኔ ግቢ ውስጥ ነው። የእነሱን መኝታ ቤት ከእኛ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም እንኳን ድምፅ ብርድም አያስቀርም። ስለዚህ እኔና ቤዛ የሰዓት ደወል ኖሮን አያውቅም። የሚቀሰቅሰን የእነሱ ጠብ ነው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ሌሊት ባናውን የጎተቱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? የእኔማ ጀርባ ሜዳ ላይ አደረ።»

«ታዲያ ማን ጎተተው? ሰይጣን ነው?»

«እኔ እንጃ። ቢመጣም በአንቺ በኩል ነው የሚመጣው።»

ከዚህ በኋላ ግቢውን የሚጠርግ መጥረጊያ፣ ከዚያ የበር መንቋቋት። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ካንድ ባሕር ተቀድተው አንድ ባና አልበቃቸውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ጠቡ ሳይሆን አንቱታው ነው። እትዬ ሸዋዬ ባላቸውን በአንቱታ ነው የሚሰድቧቸው። በአክብሮት የሚወረወር ስድብ እንዴት እንደሚያምር የምታውቁት በግድግዳ ስትሰሙት ነው።

ባናው፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው የአገራችን ብርድ ልብስ፣ የሠርጋቸው ጊዜ የተሰጣቸው ነው። አሁን ወደ ብርሃን ብታነሡት ከወንፊት አይለይም። ጋሼ ደጀኔ ሲገላበጡ ወደሳቸው ይሄዳል፣ እትዬ ሸዋዬ ሲያስነጥሱ ወደሳቸው ይመለሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደ አማላጅ ሽማግሌ ከወዲህ ወዲያ ሲመላለስ ያድራል። ስለዚህ እትዬ ሸዋዬ ያለፈውን ክረምት ሙሉ የቤታቸውን በጎች ጠጉር ሲፈትሉ ከረሙ። ቆመው ይፈትላሉ፣ ሲሄዱ ይፈትላሉ፣ ጋሼ ደጀኔን ሲቆጡ እንዝርቷ የባሰ ትፈጥናለች። ጥቁሩን ከዳለቻው እያማረጡ አንድ ትልቅ ባና የሚወጣው ክር አዘጋጁ።

«ሦስት ሰው የሚያስተኛ አሠራለሁ» አሉን አንድ ቀን። «ከዚያ እንዳሻቸው ይጎትቱ፤ ለኔም ይተርፈኛል። እሱም ካልሆነ ደብረ ብርሃን ልጄ ዘንድ ወርጄ ውርጩ እስኪያልፍ እቀመጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌሊቱን ሙሉ ገመድ ስጓተት አላድርም።»

ቀልድ መስሏችሁ እንዳይሆን። እትዬ ሸዋዬ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እኛ ደግሞ ጋሼ ደጀኔ ብቻቸውን ሲሆኑ አይተናል። ባለፈው ዓመት እትዬ ሸዋዬ የዘመድ ክርስትና ሄደው ጥቂት ቀን ሰንብተው ነበር። ጋሼ ደጀኔ በርጩማ አውጥተው በር ላይ ተቀመጡ። ምሳ ስንሰጣቸው «ቆይ፣ ትምጣ» አሉ። እራት ስንሰጣቸው «ቆይ፣ ትምጣ» አሉ። ቤዛ የደም ግፊታቸውን ልትለካ መሣሪያዋን ብታመጣ ለሱም «ቆይ፣ ትምጣ» አሉ። ጥቂት ቀን እንዲህ የሆኑ ሰው ውርጩን ሙሉ ብቻቸውን ቢቀሩ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልፈለግሁም። ባናው ለእኛም የመጨረሻ ተስፋችን ነበር።

ክሩ ጋሽ በላቸው ዘንድ ሄደ። ጋሽ በላቸው የሰፈራችን ሸማኔ ናቸው። ባናው ተሠርቶ ሲያልቅ ለማየት ሄድኩና ደነገጥኩ። መሬት ላይ ሲዘረጋ ግቢውን ሞላው። ስስ ነው፤ ክሩ አንድ ባንድ ይቆጠራል።

«ገና ነው ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ጥሬ ነው። በሙቅ ውሃና በእንዶድ ተረግጦ ነው የሚበስለው። ሲረገጥ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል። ችግሩ እግር ጠፋ። ድሮ ባና ሊረገጥ ነው ሲባል ጎረምሳው ተጋፍቶ ነበር የሚመጣው። ዛሬ እግር ያለው ሁሉ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባ።»

«እኛ እግር አለን» አልኳቸው።

ወደ ታች አዩና አዲሱን ካልሲዬን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እስቲ እንግዲህ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ቤዛና ናቲ ግቢያቸው ተገኘን። ናቲ የባጃጅ ሹፌር ነው። ባጃጁ ቤዛ በምትሠራበት፣ ቤዛ በምትገበይበትና ቤዛ በምታልፍበት መንገድ ብቻ የሚበላሽ ልዩ ባጃጅ ነው። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። በርሜል ሙሉ ውሃ ይንፈቀፈቃል። ከትልቅ ግንድ የተጠረበ፣ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያቆም ገንዳ አለ። ባናው ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሞልቶ፣ ጫፉ በጠርዙ ላይ ወዲህና ወዲያ ተንጠልጥሏል። ጋሽ በላቸው የተወቀጠ እንዶድ ነሰነሱበት፣ ሙቅ ውሃ በቀዝቃዛ እየመጠኑ አፈሰሱና «ግቡ» አሉን።

ካልሲዬን አውልቄ ገባሁ።

ወገኖቼ፣ ከመስከረም ጀምሮ ያልሞቀ እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ አረፋ ውስጥ፣ ያውም በበግ ጠጉር ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ከተረከዜ የተነሣ ሙቀት ጉልበቴን አልፎ፣ ወገቤን አልፎ፣ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ቤዛ ዓይኗን ጨፍና ቀረች። ናቲ፣ ወሬ የማያልቅበት ናቲ፣ የጀመረውን ወሬ ረሳው። እንፋሎቱ ከገንዳው እየተነሣ ሸፈነን፤ ከሥሬ ያለው ጠጉር ደግሞ ይንቀሳቀሳል። እውነቴን ነው፤ ስትረግጡት ያፈገፍጋል፣ ስታነሡ ይከተላችኋል። ይሄ ጠጉር አምና በበግ ጀርባ ላይ ሆኖ በሜዳው ዝናብና በረዶ ሲመታ የኖረ ነው። አሁን እኔ እግር ሥር ሆኖ ሌላ ነገር ለመሆን እየተዘጋጀ ነው። ሰው ሆኜ በመፈጠሬ ያን ያህል የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ገና ሥራውን ስንለምደው አንድ ሰው በካቡ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ለጋሽ በላቸው መርዶ ነገራቸው። ከታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ አርፈዋል፤ ቀብሩ አሁን ነው። ሞት ያለበት ሥራ የለበትም። ጋሽ በላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ሚስታቸውም ተከተሏቸው። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«እስክመለስ እንዳታቆሙ። ከቆመ ይቀዘቅዛል፣ ከቀዘቀዘ ይበላሻል። እየገለበጣችሁ፣ ሙቅ ውሃ እየጨመራችሁ ርገጡ። ሲደርስ እኔ አውቀዋለሁ፤ ቶሎ ነው የምመጣው።»

እነሆ ጥፋታችን ከዚህ ይጀምራል። ሽማግሌ «እስክመለስ እንዳታቆሙ» ብሎን ሄዷል። እኛ ደግሞ በሥርዓት ያደግን ልጆች ነን።

መጀመሪያ ናቲ ከባጃጁ ስፒከር አምጥቶ ዘፈን ከፈተ። አልሆነም። የእኛ አገር ዘፈን ሲጀምር ሰው ትከሻውን ነው የሚያነሣው፤ ትከሻ ሲሠራ እግር ይቆማል። ሦስታችንም ገንዳ ውስጥ ቆመን ትከሻችንን ስናንቀጠቅጥ ባናው እያየን ቀዘቀዘ። ስለዚህ ሙያዬን አወጣሁ። ለሕፃናቱ ፊደል የማስቆጥርበት አረጋገጥ አለ፤ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ርግጫ፣ ሰባተኛው ላይ ዝላይ። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ» ስንል እንረግጣለን፣ «ሆ» ስንል ሦስታችንም እንዘላለን፣ ውሃው ከገንዳው ወጥቶ ዶሮዎቹን ያሳድዳል። ፊደሉ አልቆ ፐ ላይ ስንደርስ ባናውን እንገለብጥና እንደገና ከሀ። ጤነኛ ሰው ቢያየን ምን ሊል እንደሚችል አላውቅም። ናቲ መሐል መሐሉን ረስቶት ነበር፤ ቤዛ ስትስቅበት ጊዜ ግን እንደ ደብተራ ልጅ ጥርት አድርጎ መለሰው።

ፀሐይ ወጣች፣ ሣሩ ላይ ያለው ነጭ ቀለጠ፣ ጋሽ በላቸው አልመጡም። ደወልንላቸው። ስልካቸው ከቤት ውስጥ፣ ከሸማ መሥሪያው አጠገብ ጮኸ። እየረገጥን አዳመጥነው። በኋላ እንደሰማነው ቀብሩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቅ ነበር፤ ዘመዱ ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። እኛ ይህን የት እናውቃለን? «ቶሎ ነው የምመጣው» ብለዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይመጣሉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ።

ቀትር ሲሆን እትዬ ሸዋዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ከገበያ ሲመለሱ ድምፃችንን ሰምተው ገቡ። ቆመው አዩን። እሳቸውን ሁለት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ከቤት ወጥተው ማጀት እስኪደርሱ ግድግዳ እየያዙ ነው የሚሄዱት፤ ጉልበታቸው ነው።

«እንዲህ ነው የሚረገጠው?» አሉ።

«አናውቅም እትዬ፣ አቁሙ እስክንባል ነው።»

«ልጅ ሆኜ በካብ ላይ ተንጠልጥዬ አይ ነበር» አሉ። «ወንዶቹ ናቸው የሚረግጡት። ሴት አትገባም ይሉናል። ሙቅ ነው?»

«በጣም።»

ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሻጥ አደረጉ። ናቲ ወጥቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ እኔና ቤዛ በግራና በቀኝ እጃቸውን ያዝን። ገቡ። ትንሽ ቆሙ፣ ዓይናቸው ተከፈተ፣ ከዚያ ጀመሩ። የእኛን ፊደል አልፈለጉትም። የካቡ ላይ ልጅ ሆነው የሰሙትን ዜማ፣ ቃሉን እየረሱ በ«እ» እየሞሉ፣ አወጡት። እጃችንን ለቀቁን። ያ ግድግዳ የሚይዝ ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይነሣል። ነጠላቸው ወደቀ፣ አላነሡትም። አረፋ ሻሻቸው ላይ ደርሷል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ፊት ላይ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም።

ያን ጊዜ ነው ወደ ታች ያየሁት። ጠዋት በገንዳው ጠርዝ ላይ ወዲህና ወዲያ ተንጠልጥሎ የነበረው የባናው ጫፍ አሁን መሐል ገንዳ ላይ ይንሳፈፋል። ክሩ የለም። አንድ ባንድ ይቆጠር የነበረው ክር ጠፍቶ አንድ ወጥ ነገር ሆኗል፤ ጠርዙ ይታያል፣ ደግሞ እየቀረበ ነው። ቤዛን አየኋት። እሷም አይታለች። እትዬ ሸዋዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘፍናሉ።

«በቃ» ማለት እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ፊታቸውን አየሁ፣ ዘጋሁት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይሄን ነው። እሳቸው ራሳቸው ደክሟቸው እስኪወጡ ረገጥን፤ ከዚያም ጋሽ በላቸው አልመጡምና እንደገና ከሀ ጀመርን።

ጋሽ በላቸው የመጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ገንዳው ውስጥ አዩ። ክንዳቸውን አስገብተው ለኩ። ሌላኛውን ክንዳቸውን አስገብተው ለኩ፤ የመጀመሪያው ክንድ የዋሸ መስሏቸው ይሆናል። ከዚያ ናቲ አንድ ጫፍ፣ እሳቸው አንድ ጫፍ ይዘው አወጡትና መሬት ላይ አኖሩት። አልወደቀም። ባናው በራሱ ቆመ። ውሃው እየተንጠባጠበ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየናል።

ጋሽ በላቸው ዞሩት። አንኳኩት። «ይሄ ባና አይደለም» አሉ በለሆሳስ። «በር ነው።»

እትዬ ሸዋዬ መጥተው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉበት። ሦስት ሰው ሊያስተኛ የተሠራው ለአንድ ሰው ደህና አድርጎ፣ ለሁለት ሰው ተለማምኖ የሚበቃ ሆኗል። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻል ነበር። «እኔም ረግጫለሁ» አሉ ብቻ፣ ጫማቸውንም ፈልገው አደረጉ።

ናቲ ነው ሐሳቡን ያመጣው። «እርጥብ ነው፣ ይሳባል» አለ። አንዱን ጫፍ በሁለት አጣና መሐል ጠፍረን ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር አሰርነው፤ ሌላውን ጫፍ እንዲሁ ጠፍረን በገመድ ከባጃጁ ኋላ አሰርነው። ጋሽ በላቸው «ተው» ማለት ነበረባቸው፤ ግን ሸማኔም ሰው ነው፣ ምን እንደሚሆን ለማየት ጓጉተው ከካቡ ላይ ተቀመጡ። ናቲ ማርሽ አስገባ። ባጃጁ ወደ ፊት ሄደና ቆመ። ነዳጅ ሰጠው። ጎማው ዞረ፣ አቧራው ተነሣ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ባናው ግን ስንዝር አልሰጠም። ሰፈሩ የማን መኪና ገደል ገባ እያለ መጣ። አንድ ጎረምሳ «ሃይ በለው» አለ፣ ናቲም አለው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ባጃጁ ተፈናጥሮ ሄደ፤ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው የባጃጁ የኋላ ፓራፋንጎ፣ የጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ለልጆቹ ሳስተምር የማጋነን ይመስለኝ ነበር። አንበሳውን እንጃ፤ ባጃጅ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ናቲ ወርዶ መጣ። ፓራፋንጎውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ባናውን በመዳፉ ዳሰሰው።

ጋሼ ደጀኔ ከሰዉ መሐል ወጡ። መቼ እንደመጡ አላየንም። ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ባናው ላይ አስጠጉ፣ በነፋስ በኩል ዞረውም እጃቸውን ከጀርባው አኖሩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ በግ አርብቻለሁ» አሉ። «በግ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ነፋስ አያልፈውም።»

«ለእርስዎ ይሁን» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «ለሁለት አይበቃም። እኔ ለልጄ እደውላለሁ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ እወርዳለሁ።»

ጋሼ ደጀኔ ወደ ገመዱ ሄዱ። ፓራፋንጎውን ከገመዱ ፈትተው ለናቲ አቀበሉት።

ባናው በግቢያችን ካብ ላይ ሳምንት ሙሉ ደረቀ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ እገለብጠው ነበር፤ ደግሞ በስውር በሁለት እጄ ይዤ እስበዋለሁ፣ ምናልባት ብዬ። በጎቹ መጥተው ያሸቱትና ግራ ገብቷቸው ይመለሳሉ። አሮጌው ባና አዲሱ ደርሷል ተብሎ አስቀድሞ ለአህያቸው ጀርባ ማልበሻ ተቆርጦ ነበርና፣ በዚያ ሳምንት እነእትዬ ሸዋዬ የተኙት በእኛ ብርድ ልብስ ነው፤ ያ ነብር የተሳለበት፣ በየሱቁ የሚሸጠው ዓይነት። በግድግዳው በኩል ጠቡ እንደ ወትሮው ቀጠለ።

«አንቱ፣ ነብሩን ወደኔ መልሱት።»

«ነብሩ ራሱ ሄዶ ነው።»

እኔና ቤዛ እየሰማን ሳቅ አልመጣልንም። ሁለታችንም የምንቆጥረው የቀሩትን ጠዋቶች ነበር።

ዓርብ ማታ እትዬ ሸዋዬ ነብራችንን አጥበው፣ አጥፈው መለሱልን። «የሰው ዕቃ ተበድሬ መንገድ አልወጣም» አሉ። ሻንጣቸው በር ሥር ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ደጀኔ ከካቡ ላይ ባናውን ተሸክመው መጡና፣ በበሩ አልገባ ሲላቸው በጎን አጋድመው አስገቡት። ለዚያች ሌሊት ከሱ ሌላ የሚለብሱት አልነበራቸውም። በርጩማዋንም አየኋት፤ ወደ ደጁ ቀረብ ብላ ተቀምጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ብርሃን ሆኗል። ድምፅ የለም። ቤዛ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አድርጋለች። «አይጣሉም» አለችኝ። ጠብ የሌለበትን ጠዋት እዚያ ቤት አይተነው አናውቅም። መጥረጊያም የለም፣ በርም አልተንቋቋም። ተኳርፈዋል ማለት ነው፤ ወይም የባሰ ነገር አለ። ነርሷ ቤዛ መሣሪያዋን መፈለግ ጀመረች።

ያኔ የሚኒባሱ ረዳት የግቢውን በር ደበደበ። «የደብረ ብርሃን፣ እናቴ፣ ቶሎ እንውጣ» ይላል። ማንም አልመለሰለትም። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ፣ ባልዲውን ከነክዳኑ አልፌ የእትዬ ሸዋዬን በር አንኳኳሁ። ገፋ አደረግሁት። ሻንጣው በር ሥር እንዳለ ነው። አልጋው ላይ ባናው እንደ ጎጆ ጣሪያ ጉብ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ሰው መኖሩ አይታይም።

«እትዬ» አልኩ።

«በሩን ዝጊው ልጄ» አለኝ የጋሼ ደጀኔ ድምፅ ከጣሪያው ሥር። «ብርድ አታስገቢብን።»

«ሚኒባሱ መጥቷል እኮ።»

«ሂድ በዪው» አሉ እትዬ ሸዋዬ። እሳቸውም ከዚያው ጣሪያ ሥር ናቸው።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። ሌሊት ወደኔ ጎተትኩት፣ እምቢ አለኝ። እሳቸውም በወዲያ በኩል ጎተቱት፣ እምቢ አላቸው። ኋላ ምን እናድርግ፣ ተጠጋን።»